ሠራተኛ ነዎት ወይስ ተቋራጭ? የሥራ ግንኙነትዎን በሕግ ለመመዘን የሚረዳ መመሪያ

ድሬዳዋ ላይ በቡና መጋዘን የሚለቅሙ ሴቶች በኪሎ ይከፈላቸዋል፤ ጫኝና አውራጆች በኩንታል፣ ግንበኞች በካሬ ይነጋገራሉ፤ የባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ የቀን ገቢውን ለባለንብረቱ አስረክበው በሚተርፋቸው ያድራሉ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚጠበቀው ሠራተኛ ማን እንደሆነ፣ በራሱ ኃላፊነት የሚሠራው ተቋራጭስ ማን እንደሆነ የሚለየው በክፍያው ዓይነት ወይም በወረቀቱ ርእስ ሳይሆን ሥራው በተጨባጭ በሚከናወንበት ሁኔታ ነው። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ይህንን ሳያውቅ «አንተ እኮ የኮንትራት ነህ» የሚለውን ቃል እንደ ሕግ ስለሚቀበል ነው።

መነሻው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 4 ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም አንድን የተወሰነ ሥራ፣ በአሠሪው መሪነት ለመሥራት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሲስማማ የሥራ ውል ተመሥርቷል። በአንጻሩ የአዋጁ አንቀጽ 3 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት፣ ዋጋ ተቀብሎ ሥራ የሚያከናውነውን ሰው ከአዋጁ ወሰን ያወጣዋል። የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ግንኙነት የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ አንቀጽ 2610 ተቋራጩ በራሱ ኃላፊነት አንድን የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ሥራውን ያዘዘው ደንበኛ ደግሞ ለዚያ ዋጋ ለመክፈል የሚገቡት ውል መሆኑን ይገልጻል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ሥራውን የሚመራው ማን እንደሆነ ነው። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሚወስን፣ በየቀኑ ምን እንደሚሠራ የሚያዝ፣ ሲያረፍዱ የሚቀጣ፣ ለመቅረት ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው ካለ፣ ክፍያው በኪሎም ይሁን በቁርጥ ግንኙነቱ ወደ ሥራ ውል ያደላል። በመጋዘን ውስጥ በካቦ ቁጥጥር ስር ተቀምጣ፣ የድርጅቱን ቡና በድርጅቱ ሰዓት የምትለቅመው ሴት በኪሎ ስለተከፈላት ብቻ ነጋዴ አትሆንም፤ የኪሎው ዋጋ የደመወዟ ማስያ ነው እንጂ የራሷ ንግድ ትርፍ አይደለም። በአንጻሩ አንድን አጥር በተቆረጠ ዋጋ ለመጨረስ ተዋውሎ፣ ረዳቶቹን ራሱ ቀጥሮ፣ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ራሱ የሚወስነው ግንበኛ፣ ባለቤቱ በየጊዜው እየመጣ ጥራቱን ስላየ ብቻ ሠራተኛ አይሆንም። ውጤትን መፈተሽ ሌላ፣ የዕለት አሠራርን ማዘዝ ሌላ ነው።

ቀጥሎ መሣሪያውና ኪሳራው የማን እንደሆነ ይታያል። ሥራው ቢበላሽ በራሱ ወጪ ደግሞ የሚሠራ፣ ቶሎ ቢጨርስ የሚያተርፍ፣ ለሌሎች ደንበኞችም በአንድ ጊዜ የሚሠራ፣ በእርሱ ቦታ ሌላ ሰው መላክ የሚችል ሰው የተቋራጭ መልክ አለው። እነዚህ ምልክቶች አንድ በአንድ ተነጥለው ሳይሆን በአንድነት ይመዘናሉ፤ የራሱን መዶሻ ይዞ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ በመዶሻው ብቻ ተቋራጭ አይባልም። የንግድ ፈቃድም ማስረጃ ይሆናል እንጂ በእኔ አመለካከት ብቻውን ጉዳዩን አይዘጋውም።

ከባዱ የባጃጁ ጉዳይ ነው። ሾፌሩ የተወሰነ ገቢ አስረክቦ፣ ነዳጁን ራሱ ሞልቶ፣ ከከዚራ እስከ ሳቢያን በፈለገው መስመርና ሰዓት የሚሠራ ከሆነ የገበያውን ኪሳራ የተሸከመው እርሱ በመሆኑ ሠራተኛ ነኝ የሚለው ክርክር ይዳከምበታል። ባለንብረቱ ሰዓት ከወሰነ፣ መስመር ካዘዘ፣ ሌላ ሰው እንዳይነዳ ከከለከለና ወርኃዊ ክፍያ ከቆረጠለት ግን መልሱ ይገለበጣል።

ልዩነቱ በኑሮ ላይ ትልቅ ነው። ሠራተኛ የሆነ ሰው መደበኛ የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው፤ በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊነት አለበት። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ ደግሞ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ኩንታል ተሸክሞ ወገቡ የተጎዳ አውራጅ «ተቋራጭ» ከተባለ የሕክምናውና የቀሪ ዘመኑ ሸክም በእርሱና በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል፤ ስያሜውን በቸልታ ማለፍ የማይገባው ለዚህ ነው።

ውልዎ በጽሑፍ ባይሆንም መብትዎ አይቀርም፤ የሥራ ውል የግድ በልዩ ፎርም መደረግ የለበትም። አሠሪው ግን በጽሑፍ ያልተደረገውን ውል ዝርዝር የያዘ፣ የተፈረመበት ደብዳቤ በ15 ቀናት ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ከከለከሉዎት የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀት፣ የክፍያ ፊርማ ያለበት ሰነድ፣ መታወቂያ፣ በስልክ የተላከ ትእዛዝ፣ አብረዎት የሠሩ ሰዎች ስም ከወዲሁ ያስቀምጡ። አይተው ያልተረዱትንና «ግንኙነታችን የሥራ ውል አይደለም» የሚል ሐረግ ያለበትን ወረቀት ሳያስነብቡ አይፈርሙ።

አሠሪ ከሆኑና በእርግጥ የሚፈልጉት ውጤት ብቻ ከሆነ፣ ውሉ ሥራውን፣ ዋጋውን፣ ማስረከቢያ ቀኑንና ጉድለት ሲገኝ የሚደረገውን ይግለጽ፤ አሠራሩንም ለሰውየው ይተዉለት። በየማለዳው ስም እየጠሩ የተቋራጭ ውል ማስፈረም ግን በችሎት ፊት የሚጸና መከላከያ አይሆንም።

ከሥራ ከተባረሩና መመለስ የሚፈልጉ ከሆነ ክሱን በ3 ወር ውስጥ፣ ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለመጠየቅ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ማቅረብ ይኖርብዎታል። በሽምግልና እየተነጋገሩ ሳለ ይህ ጊዜ ሊያልፍ ስለሚችል የ3 ወሩን ከስንብቱ ዕለት፣ የ6 ወሩን ደግሞ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ይቁጠሩ።