ለጥያቄና መልስ ውድድር የምትዘጋጁ፣ ዓመቱን ከወሩ ጋር ያዙ

እዚህ ጎንደር ማታ ማታ የሰፈራችንን ልጆች ጠቅላላ እውቀት አስጠናለሁ። ብዙ ጊዜ ነጥብ የሚያሳጣቸው አለማወቅ ሳይሆን የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ይህም ያንገበግበኛል። መፍትሔው ቀላል ነው። ክንውኑ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ ዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሆነ ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ 8 ቀንሱ፤ ከዕንቁጣጣሽ እስከ እነርሱ ዓመት ማብቂያ ከሆነ ደግሞ 7።

ከሁሉም የከፋችው ወጥመድ 1961 ናት። ዩሪ ጋጋሪን በመጀመሪያ ወደ ጠፈር የወጣው በ1961 ነው፤ ይህ ግን የፈረንጆቹ ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ነበር። አፖሎ 11 ሰዎችን ይዛ ጨረቃ ላይ ያረፈችውም በ1961 ነው፤ ይህኛው የእኛ ነው፣ ሐምሌ 13 ቀን፣ በፈረንጆቹ 1969። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ታላላቅ ክንውኖች! ስለዚህ መልስ ስትሰጡ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትርሱ።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ልክ በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። በማግስቱ ቢሆን ኖሮ 1953 እንል ነበር።

የራሳችንንም ቅርስ ተመልከቱ። ስሜን ተራሮች ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ በእኛ 1970። ፋሲል ግቢ በዓመቱ፣ በ1979 ተከተለ። ነገር ግን ወሩ ጥቅምት ስለነበር በእኛ 1971 ሳይሆን 1972 ነው።