108 ሜጋፒክስል ይዞ ብዥ ያለ ፎቶ፦ ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ላይ ስልክ ልትገዙ ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ቁጥር ሜጋፒክስል ነው፤ ፎቶው ከስንት ሚሊዮን ነጥብ (ፒክስል) እንደሚሠራ የሚናገር ቁጥር። «ሃምሳ ነው»፣ «መቶ ስምንት ነው» ይላል። ገዢውም ቁጥሩን አምኖ ይከፍላል። ማታ ሐይቅ ዳር ጓደኞቹን ሲያነሳ ግን ፎቶው የድሮ ስልኩን ያህል እንኳ አይወጣለትም። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን? አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ከታች የተዘረዘሩት፣ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ቅሬታዎች ናቸው። የእናንተን ምልክት ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

«ሁሉም ፎቶ ጉም የለበሰ ነው፤ መብራት ካለ ደግሞ ጨረር ይረጫል»

ሌንሱ ቆሽሿል። ቀልድ አይደለም፣ ከቅሬታዎቹ ብዙዎቹ እዚሁ ያልቃሉ። ስልክ ከኪስ ሲወጣ ጣት የሚያርፈው ሌንሱ ላይ ነው፤ የጣት ቅባት ደግሞ ብርሃን ይበትናል። ጢስ ዓባይ ደርሳችሁ ከሆነ የፏፏቴው ርጭትም አለ። ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ትቶ ይሄዳል።

መጀመሪያ አቧራውን እፍ በሉት። ከዚያ በንጹህ የጥጥ ጨርቅ፣ ሌላ ከሌለ በነጠላ ጫፍ፣ በቀስታ ጥረጉ። ካልተሻለው ካሜራው ላይ የተለጠፈውን መከላከያ መስታወት አንስታችሁ ሞክሩ። ርካሽ መስታወት ማታ ማታ መብራቱን ሁለት አድርጎ ያሳያል።

«ማታ ሳነሳ ፊት ይድበሰበሳል፣ ጥቁሩ ቦታ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ይሆናል»

ካሜራውን ክፈቱና ላይኛውን ጥግ ወይም «ተጨማሪ» የሚለውን ተመልከቱ። «50 ሜጋ»፣ «108 ሜጋ» ወይም «ከፍተኛ ጥራት» የሚል ሞድ በርቶ ካገኛችሁት ምክንያቱ ተገኘ። አጥፉትና ወደ ተራው የፎቶ ሞድ ተመለሱ።

ይህ ለብዙ ሰው አይዋጥለትም። «ታዲያ የከፈልኩበትን 108 ልተወው?» ይላል። ማታ ከሆነ፣ አዎ። ፎቶ የሚሠራው ከብርሃን ነው። ብርሃኑን የሚቀበለው ደግሞ ከሌንሱ ኋላ ያለው ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ስፋቱ የተወሰነ ነው። ሜጋፒክስል ሲጨመር ያው ስፋት ለብዙ ፒክስል ይከፋፈላል። የአባት መሬት ለ12 ወራሽ ሲካፈልና ለ108 ሲካፈል ማለት ነው፤ መሬቱ አልሰፋም፣ የየአንዳንዱ ድርሻ ነው የጠበበው።

በቁጥር እንየው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2020 በኤስ20 አልትራ ይዞት የመጣው የ108 ሜጋፒክስል ሴንሰር በግምት 9.6 በ7.2 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ፒክስል 0.8 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ መሆኑን አትርሱ። ቀን በፀሐይ ይህ ይበቃል። ማታ ግን ለአንዱ ፒክስል የሚደርሰው ብርሃን ጥቂት ነው። ጥቂት ብርሃን ደግሞ ወጥ ሆኖ አይደርስም፤ አንዱ ፒክስል ትንሽ ሲበዛለት ጎረቤቱ ያንሰዋል። የሴንሰሩ የራሱ የኤሌክትሪክ ሁከትም ይጨመርበታል። ነጠብጣቡ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስልኩ ነጠብጣቡን ሊያጠፋ ፎቶውን ያለሰልሰዋል። ያኔ ቅንድቡ፣ የሹሩባው መስመር፣ የቀሚሱ ጥልፍ አብረው ይጠፋሉ።

አምራቾቹ ይህንን አሳምረው ያውቁታል። ለዚህም ነው ተራው ሞድ ላይ ጎረቤት ፒክስሎች ተጣምረው እንደ አንድ የሚሠሩት። በዚያ የ108 ሴንሰር ላይ 9 ፒክስሎች ይጣመሩና 12 ሜጋፒክስል ይወጣል፤ የአንዱ ጎንም 2.4 ማይክሮሜትር ይሆናል። በ50 ሜጋፒክስል ላይ 4 ተጣምረው 12.5 ይሰጣሉ። በ200 ላይ 16 ተጣምረው ያው 12.5 ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ምንም ይሁን፣ ስልኩ በየቀኑ የሚያነሳላችሁ 12 አካባቢ ነው። አፕልም ከ2015 እስከ 2022 በተራ አይፎኖቹ ዋና ካሜራ ላይ ከ12 አልተነቃነቀም። በፎቶውም ብዙ ሰው አላማረረም።

የቀለም ጉዳይም አለ። በእነዚህ ሴንሰሮች ላይ አንድ የቀለም ማጣሪያ የሚሸፍነው አንድ ፒክስል ሳይሆን የተጣመሩትን በሙሉ ነው። ለምሳሌ በ50ው ላይ አራቱ ቀይ፣ ከጎን ያሉት አራቱ አረንጓዴ እያለ ይሄዳል። ሙሉውን ቁጥር ስታበሩ ስልኩ የጎደለውን ቀለም በስሌት እየገመተ ይሞላል። ብርሃን ሲያንስ ግምቱ ይዛባል።

ስለዚህ ለማታ ተራውን ሞድ ወይም የሌሊት ሞድን፣ ከዋናው 1 እጥፍ ሌንስ ጋር ተጠቀሙ። 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ ማታ ተዉት፤ አብዛኛው ስልክ ላይ ከኋላው ያለው ሴንሰር ከዋናው ያነሰ ነው። ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉ። የምታነሱትን ሰው ሁለት እርምጃ ወደ መብራቱ አስጠጉት። ሁለት እርምጃ የሚያመጣውን ለውጥ ምንም ሜጋፒክስል አያመጣውም።

«ቀን በፀሐይም ቢሆን 108ቱ ከ12ቱ አልተሻለም»

መጀመሪያ እጃችሁንና የምታነሱትን ነገር ጠርጥሩ። የፒክስሉ መጠን ሲያንስ ትንሽ መንቀጥቀጥም ብዙ ፒክስል ይሻገራል። ተራው ሞድ ላይ የማይታይ የእጅ እንቅስቃሴ ሙሉው (የ108) ሞድ ላይ ፎቶውን ያበላሸዋል። የምታነሱት የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ወይም የሚነሳ ፔሊካን ከሆነማ ገና ከጅምሩ ተሸንፋችኋል፤ ሙሉው ሞድ ብዙ ዳታ ስለሚያነብ ይዘገያል።

ከዚያ የሌንሱ ወሰን አለ። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነውና በጥሩ ሌንስም አይቀርም። ቀዳዳው ኤፍ 1.8 በሆነ ሌንስ አረንጓዴ ብርሃን ሴንሰሩ ላይ የሚተወው ነጥብ ዲያሜትሩ 2.4 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ባለ 0.8 ማይክሮሜትር ፒክስሎች ሦስቱ ጎን ለጎን በዚያ አንድ ነጥብ ውስጥ ያድራሉ። ስለዚህ 108ቱ ከ12ቱ 9 እጥፍ ዝርዝር ይሰጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ጭማሪው አለ፣ ግን ልከኛ ነው።

ሙሉው ሞድ የሚያዋጣበት ቦታም አለ። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ዓባይንና ከተማውን ስታነሱ አብሩት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፣ የምታነሱት ነገር አይንቀሳቀስም። ስልኩን ግንብ ላይ አስደግፉ። ባለ 3 ሰከንድ ቆጣሪውን አብሩ፤ በጣት ሲነካ የሚመጣው መንቀጥቀጥ እንዲያልፍ ነው። በሁለቱም ሞድ አንሱና የሩቁን ሕንፃ መስኮት አጉልታችሁ አወዳድሩ። ልዩነት ካላያችሁ ስልካችሁ ላይ ያ ሞድ ለማስታወቂያ ነው የተቀመጠው።

«ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ ነጭ፣ ፊቱ ጥቁር ይሆናል»

ጣና ላይ ፀሐይ ስትገባ ከሰው ጀርባ አድርጎ ማንሳት ሁሉም የሚወደው ነገር ነው። ለሴንሰር ግን ከባዱ ፈተና ይሄ ነው። ትንሽ ፒክስል በብርሃን ቶሎ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ ያ ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ በኋላ በምንም አይመለስም። ተራው ሞድ ጨለምና ደመቅ ያሉ ብዙ ፎቶዎችን በአንዴ አንስቶ ያዋህዳል። ሙሉው ሞድ ግን ብዙ ስልኮች ላይ ይህን አይሠራም ወይም በከፊል ብቻ ይሠራዋል።

ተራ ሞድ ላይ ሆናችሁ ሰማዩን በጣት ንኩ፣ የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ወደ ታች ሳቡ። የጨለመውን ፊት በኋላ ማድመቅ ይቻላል። ፊቱ ዋናው ከሆነ ደግሞ ዙሩና ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ። እውነቱን ለመናገር ያ የምሽት ብርሃን ሰው ፊት ላይ ሲያርፍ ከሰማዩ ይበልጣል።

«ዘጌ ገዳም ውስጥ ያነሳሁት ስዕል ብዥ ብሏል»

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ ስዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ብርሃኑ በአብዛኛው በበር በኩል ይገባል። ስልኩ ብርሃን ለማጠራቀም መክፈቻውን ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ያደርጋል፣ እጅ ግን ያን ያህል ጸንቶ አይቆይም። ብዥታው የእንቅስቃሴ ነው፤ ሜጋፒክስል ጨምሮ አይድንም።

ፍላሽ አታብሩ። ብርሃኑ ስዕሉ ላይ አንጸባርቆ መሃሉን ያነጣዋል። ማንሳት ይቻል እንደሆነ መጀመሪያ አባቶችን ጠይቁ። ከተፈቀደ በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ጠብቁ፣ ትከሻችሁን ምሰሶ ላይ አስደግፉ፣ በዋናው ሌንስ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማችሁ አንሱ። ከመሃላቸው አንዱ ይጠራል።

በአምፖል ብርሃን የተነሳ ፎቶ ላይ አግድም ጥቁር መስመር ካያችሁ ሌላ ጉዳይ ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ አንዳንድ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ የመብራት ድግግሞሽ የሚል ካለ 50 አድርጉት። ፕሮ ሞድ ላይ (ሁሉንም በእጅ የምታስተካክሉበት) ከሆናችሁ የመክፈቻውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አስቀምጡት።

«ዙም ሳደርግ ይፈራርሳል»

እዚህ ላይ ሜጋፒክስል እውነትም ይጠቅማል። የዙም ሌንስ የሌለው ስልክ 10 እጥፍ ሲያቀርብ ከሴንሰሩ ላይ አንድ መቶኛውን ቆርጦ ማጉላቱ ነው። ከ12 ሜጋፒክስል የሚተርፈው 0.12 ነው። ከ108 ደግሞ 1.08 ይተርፋል። አሁንም ትንሽ ነው፣ ግን ምን እንደሆነ ይለያል። እስከ 2 እጥፍ፣ ቢበዛ 3 እጥፍ ድረስ ብቻ ሂዱ። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ጀልባው ይጠጋ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ያለውን ጉማሬ ለማንሳት ግን አትጠጉ፤ የተፈራረሰው ፎቶ ይሻላችኋል።

«ደረሰኝ ወይም መታወቂያ ሳነሳ መሃሉ ጥርት፣ ዳሩ ብዥ ይላል»

ይህ ሰዉን ግራ ያጋባል፤ የሚብሰው ጥሩ ስልክ ላይ ነውና። ትልቅ ሴንሰርና ሰፊ ቀዳዳ አንድ ላይ ሲሆኑ በቅርብ ርቀት ጥርት የሚለው ቦታ ይጠባል። ወደኋላ ራቅ በሉና በ2 እጥፍ አንሱ። አለቀ።

«እኔ ስልክ ላይ ያምራል፣ የላኩለት ሰው ጋ ይደበዝዛል»

ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት ያሳንሰዋል፤ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። 108ም ሆነ 12 ያነሳችሁት እኩል ይሆናል። ፎቶው ለኅትመት ወይም ለማስታወሻ ከሆነ እንደ ፋይል ላኩት። በነገራችን ላይ ለኅትመትም ብዙ አትጨነቁ። ኤ4 ወረቀት በጥሩ ጥራት ለማተም 9 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። ለሠርግ ባነርም ከሩቅ ስለሚታይ 12ቱ ያደርሳል።

«ሻጩ 108 አለኝ፤ ጋለሪው ግን 4000 በ3000 ይላል»

ይህ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። 4000 በ3000 ማለት 12 ሜጋፒክስል ነው፤ ከላይ ያልኩት መጣመር ነው። ሙሉውን ሞድ አብርታችሁ ስታነሱ 12000 በ9000 አካባቢ መሆን አለበት። ያም ሆኖ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። ትንሽ ፎቶ ለጥጦ ትልቅ ቁጥር የሚያሳይ ስልክ ገበያ ላይ አለ። ሱቁ በር ላይ ቁሙና ማዶ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ በሁለቱም ሞድ አንሱ። ሲጎላ ፊደሉ እኩል ከተድበሰበሰ 108ቱ ስም ነው። ከኋላ አራት ሌንስ ካለውም ካሜራውን ክፍት አድርጋችሁ በየተራ በጣት ሸፍኑ፣ የዙም ቁጥሩንም እየቀያየራችሁ ሞክሩ። በየትኛውም ሞድ ስክሪኑ ላይ ለውጥ የማያመጣ ሌንስ ለጌጥ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

ከሜጋፒክስል በፊት የሴንሰሩን መጠን ጠይቁ። 1/1.31፣ 1/2.76 ኢንች እየተባለ ይጻፋል፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ሲያንስ ሴንሰሩ ትልቅ ነው። ሁለቱም «50 ሜጋፒክስል» የሚባሉ የሳምሰንግ ሴንሰሮች አሉ፤ አንዱ ፒክስሉ 0.64 ማይክሮሜትር፣ ሌላው 1.2። ስፋታቸው ሲሰላ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ግን እኩል 50 ተብሎ ነው የሚጻፈው። ቀጥሎ ኦአይኤስ የሚባለው የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ መኖሩን እዩ። 2 ሜጋፒክስል ማክሮ (በጣም በቅርብ ማንሻ) ሌንስ አለው ቢሏችሁ ጭማሪ ብር አትክፈሉበት።

«ስልኬ ሞላ»

በ12 ሜጋፒክስል የተነሳ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ነው፤ በ108 የተነሳው ከ20 ሊያልፍ ይችላል። ባለ 64 ጊጋ ስልክ አንድ የጥምቀት በዓል አይችልም። ካሜራው ሙሉውን ሞድ እያስታወሰ የሚከፍት ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የመጨረሻውን ሞድ አስታውስ የሚለውን አጥፉ። በመጠን ደርድሩና ከትልልቆቹ ጀምራችሁ ቀንሱ፤ የምትፈልጓቸውን ግን ከመሰረዛችሁ በፊት ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ።