ድረ ገጻችሁ ጎግል ላይ አልገኝ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ድረ ገጽ ከፍታችሁ ሰው ካልመጣ ከሌላ ድረ ገጽ ወደ እናንተ የሚያመራ ሊንክ ለሚሸጥ ነጋዴ ገንዘብ ለመክፈል አትቸኩሉ። መጀመሪያ በሽታው ይለይ። ጎግል ገጻችሁን አያውቀውም? ወይስ ያውቀዋል ግን አላመነውም? መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ለመለየት ጎግል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሳይት» (site) ብላችሁ ጻፉ። የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ (:) አድርጉና ክፍተት ሳትተዉ አድራሻችሁን አስከትሉ።

ምንም አይመጣም

ገጹ ገና አዲስ ከሆነ ጥቂት ጠብቁ። ከቆየ ግን በሩን የዘጋው ከቤት ያለ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ድረ ገጹ የተሠራው ዎርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ «ሪዲንግ» የሚለውን ክፈቱ። ሰርች ኢንጂኖች ገጹን እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ ሳጥን አለች። ግንባታው ላይ ምልክት ይደረግባትና ትረሳለች። አንሱት። ለሰርች ኢንጂኖች የት እንዳይገቡ የሚነግረውን፣ ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ (robots.txt) የሚባለውንም ፋይል እዩ፤ «ዲስአላው» (Disallow) ከሚለው ቀጥሎ ስላሽ (/) ብቻ ካለ ድረ ገጹ በሙሉ ተዘግቷል ማለት ነው። ሁለቱን ካስተካከላችሁ በኋላ ሰርች ኮንሶል በተባለው፣ ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው መሣሪያ ላይ ገጹ እንዲመዘገብ ጠይቁ። በነጻ ነው።

ተመዝግቧል፣ ሲፈለግ ግን አይታይም

ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። የጎግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ይዘውት የመጡት ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ከሌላ ድረ ገጽ የሚመጣ ሊንክ እንደ ምስክርነት ይቆጠራል፤ ክብደቱም እንደ ምስክሩ ነው። ወዲያው የሐሰት ምስክር ገበያ ደራ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን የተባለውን ማጣሪያ አመጣ። ዛሬ የተገዛ ሊንክ ባብዛኛው ከቁጥር አይገባም፤ ሲብስ ደግሞ ያስቀጣል። በገዛ ብር ጣጣ መግዛት ይሉታል ይሄ ነው።

ታዲያ እምነት ከየት ይምጣ? ራሳችሁ የሞከራችሁትን፣ የለካችሁትን፣ ያነሳችሁትን ፎቶ አቅርቡ። ሌላው የጻፈውን አገላብጦ መጻፍ ማንንም ሊንክ አያሰጥም። የጸሐፊው ስምና ሙያ ይታወቅ። ርዕሱ ሰዎች ሲፈልጉ በሚጽፉት ቃል ይሁን። የራሳችሁን ገጾችም እርስ በርስ አያይዙ። በገጹ ኮድ ውስጥ ቁልፍ ቃላት የሚዘረዘሩበትን የ«ኪወርድስ» ታግ መሙላቱን ግን ተዉት፤ ጎግል እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ተናግሯል።

ሰው ይመጣል፣ ወዲያው ይወጣል

የጎግል ብራውዘር ክሮም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) የሌለውን ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ያሳያል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት በነጻ ይሰጣል። ፍጥነቱንም እዩ፦ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ነው። ካልሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ያልተቀነሱ ትልልቅ ፎቶዎች ናቸው።

ጎብኚው በድንገት ጠፋ

የገጾቹን አድራሻ ቀይራችሁ ከሆነ ከአሮጌው ወደ አዲሱ 301 ሪዳይሬክት (ጎብኚውን በቋሚነት ወደ አዲሱ አድራሻ የሚመራ ትእዛዝ) አድርጉ። ካልቀየራችሁ ሰርች ኮንሶል ላይ የቅጣትና የደህንነት ማስጠንቀቂያ መኖሩን እዩ። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ጎግል የደረጃ አሰጣጡን ለውጦ ሊሆን ይችላል። ያኔ የሚጫኑት ቁልፍ የለም፤ በጣም ከወረዱት ገጾች ጀምራችሁ ይዘታቸውን ከልሱ።