ከሳዑዲ ጠቅልለው ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለጎጃም ልጆች

ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ፣ ከዳንግላ ወጥተው ጅዳና ሪያድ ስምንት ዐሥር ዓመት የኖሩ ልጆች ጠቅልለው ሊገቡ ሲነሱ ብዙ ነገር ይታሰባል። ለጥምቀት ይደረሳል ወይስ ለፋሲካ? ለእናት ምን ይገዛል? ካርጎው በስንት ኪሎ ይላካል? ወረቀቱ ግን «ከፊሉ (ያስመጣን አሠሪ) ይጨርሰዋል» ተብሎ ይተዋል። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከዓረብ አገር ተመልሰው ወደ እኔ የሚመጡት ሰዎች የሚያስጽፉኝ አብዛኛው ጉዳይ እዚያው እያሉ ቢሆን በቀላሉ ያልቅ የነበረ ነው። እዚህ ከተደረሰ በኋላ ግን ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱም እስከ መጨረሻው አይመለስም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ገና እዚያ ላላችሁ፣ እዚህ ሆናችሁም «መቼ ትመጫለሽ?» እያላችሁ ለምታጣድፉ ቤተሰቦች ነው።

ቅደም ተከተሉን ያዙ። መጀመሪያ ገንዘብ፣ ቀጥሎ በስማችሁ ያለ ነገር፣ ቀጥሎ ሰነድ፣ የመውጫ ቪዛው መጨረሻ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ይህን ከመገልበጥ ነው።

ሒሳብ ሳይዘጋ መውጫውን ማስወጣት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ከፊሉ «ኹሩጅ ኒሃኢ» የሚባለውን የመጨረሻ መውጫ ያስወጣል፣ ቲኬቱን ይቆርጣል፣ ከዚያ በመጨረሻው ሌሊት በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት ያቀርባል። ይህ ወረቀት «ሙኻለሳ» ይባላል። ይዘቱ ደመወዜንና ጥቅሜን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ የምጠይቀው የለኝም የሚል ነው። ሻንጣው በር ላይ ቆሞ፣ መኪናው ሞተር አስነስቶ፣ ማን ቆሞ ያነባል? ይፈረማል። የሦስት የአራት ወር ደመወዝም እዚያው ይቀራል።

ፊርማው ከመሰጠቱ በፊት የሚገባችሁን ማወቅ አለባችሁ። በድርጅት፣ በሱቅ፣ በግንባታ የምትሠሩ ሁሉ የምትተዳደሩት በሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ ነው። የሥራ መጨረሻ ክፍያው ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ነው። ወር በገባ 3000 ሪያል የሚያገኝና 8 ዓመት የሠራ ሰው ለአምስቱ ዓመት 7500፣ ለሦስቱ 9000፣ በድምሩ 16,500 ሪያል ይገባዋል። ሥራውን በራሱ ፈቃድ ከለቀቀ ደግሞ ከ2 እስከ 5 ዓመት ለሠራ አንድ ሦስተኛው፣ ከ5 እስከ 10 ለሠራ ሁለት ሦስተኛው፣ 10 ዓመት ለሞላው ሙሉው ይከፈላል። እንግዲህ ይኸው ሰው በፈቃዱ ቢለቅ 11,000 ሪያል ያገኛል ማለት ነው። በዚህ ላይ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። አሠሪው ካሰናበተ በአንድ ሳምንት፣ ሠራተኛው ከለቀቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ መክፈል አለበት። የሥራ ልምድ ወረቀትም ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህንን ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ፤ አዲስ አበባ ሆነ ባሕር ዳር ሥራ ስትጠይቁ ዐሥሩን ዓመት የሚመሰክርላችሁ ሌላ ነገር የለም።

የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ለብቻው ነው። የእናንተ ደንብ ሌላ ስለሆነ ከላይ ያለው ስሌት አይሠራላችሁም። ለአንድ አሠሪ 4 ዓመት በተከታታይ ከሠራችሁ የአንድ ወር ደመወዝ የሥራ መጨረሻ ክፍያ አላችሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ዋናው ጉዳያችሁ የተጠራቀመው ደመወዝ ነው። «አንቺ ዘንድ ቢሆን ይጠፋል፣ እኔ ላስቀምጥልሽ» ተብሎ በአሠሪያችሁ በእማማ እጅ ያለ ደመወዝ ካለ፣ የመውጫ ወሬ ሳይነሳ ወደ ባንክ እንዲገባ ጠይቁ። በባንክ ያለፈ ገንዘብ ማስረጃ አለው፤ በእጅ የተሰጠ ግን ምንም የለውም።

የሙኻለሳውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሱና ከመፈረማችሁ በፊት ዓረብኛ ለሚያነብላችሁ ሰው ላኩ። «ቆይ ላስነብበው» ማለት ጥጋብ አይደለም። በሠራተኛ ሕጉ ሥር ላላችሁ አቤቱታ የሚቀርበው ሥራው በተቋረጠ በ12 ወር ውስጥ ነው። ከወጡ በኋላም መጠየቅ ይቻላል ብሎ የሚያጽናና ሰው አይጠፋም፤ ግን እዚህ ሆኖ ውክልና ልኮ፣ በሰው አገር ጠበቃ ይዞ መከራከር ለገበሬ ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ ደንበኞቼን አይቻለሁ።

የትኛው ቪዛ እንደወጣ አለማየት

ሁለት ዓይነት መውጫ አለ። አንዱ ወጥቶ ለመመለስ የሚሰጠው ሲሆን፣ ሌላው የመጨረሻው ነው። «መውጫሽ ወጥቷል» ሲባል የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። በመመለሻ ቪዛ ወጥቶ መቅረት ጠቅልሎ መውጣት አይደለም፤ በመዝገቡ ላይ ወጥቶ ያልተመለሰ ሆኖ ይቀራል፤ ኋላ ሌላ ሥራ ሲገኝ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። የቪዛውን ዓይነትና ቀን አብሸር በሚባለው የመንግሥት አገልግሎት መተግበሪያ ወይም በሙቂም ድረ ገጽ በኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ቁጥር ማየት ይቻላል።

በነገራችን ላይ ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ድርጅት ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ በራሳቸው መውጫ መጠየቅ ይችላሉ። የቤት ሠራተኞች፣ የግል ሹፌሮችና እረኞች ግን በዚህ ለውጥ አልተካተቱም። ከእኛ አገር ሴቶች አብዛኞቹ ያሉት እዚህ ላይ በመሆኑ ነገሩ ያሳዝነኛል፤ ቢሆንም መብቱ ያላችሁ ተጠቀሙበት።

ቀኑን በደንብ አለመቁጠር

የመጨረሻ መውጫ ለመውጣት የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው፤ ከሁዳዴ ጾም በአምስት ቀን ቢበልጥ ነው። በሐሳብ ረጅም ይመስላል፤ ዕቃ ሲሸጥ፣ ካርጎ ሲላክ፣ ዘመድ ሲሰናበቱ ግን ያልቃል። ሳይወጡም ሳያሰርዙም ጊዜው ካለፈ ለማሰረዝ 1000 ሪያል ቅጣት አለ፣ ኢቃማውም በሕይወት መኖር አለበት። ለዳግማ ትንሣኤ ሠርግ አለብኝ ብላችሁ ገና በጥር መውጫ አታስወጡ፤ ከቀኑ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አስወጡ።

እዚህ ላይ ሦስት የዘመን አቆጣጠር ይደባለቃል፦ የእኛው፣ የፈረንጁና የሂጅራው። የሂጅራው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። በዚያ ላይ የኢቃማው ካርድ በእጅ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ የሚታደሰው በኮምፒውተር ስለሆነ ትክክለኛው ቀን ያለው አብሸር ላይ ነው።

ፓስፖርቱም መውጫው ሲወጣ ቢያንስ 60 ቀን የቀረው መሆን አለበት። ሪያድ ያለው ኤምባሲና ጅዳ ያለው ቆንስላ ሰልፋቸው የታወቀ ነው፤ እድሳቱን ከሁሉ አስቀድሙ። ፓስፖርቱ ከፊሉ ጋር ከሆነ ደግሞ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ በአገሩ ደንብ ክልክል መሆኑን እወቁ፤ በትሕትና፣ ግን ሳትፈሩ ጠይቁ።

«ተርሂል ይቀላል» ብሎ እጅ መስጠት

በተርሂል፣ ማለትም ተይዞ በመባረር፣ መውጣትን የሚመክር ሰው ብዙ ነው። «ምን አለፋሽ፣ መንገድ ላይ ቁሚ፤ ይይዙሽና በነፃ ይልኩሻል» ይላሉ። ኢቃማ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በተርሂል የወጣ ሰው አሻራው ይቀራል፤ ለሐጅና ለዑምራ ካልሆነ በቀር ተመልሶ ለሥራ መግባት አይፈቀድለትም። ሌላም አለ። በተርሂል የሚወጣ ሰው ሒሳብ አይዘጋም፣ ባንክ አይሄድም፣ ዕቃውን አይሰበስብም። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ሲመለሱ፣ ስንቱ የለበሰውን ብቻ ይዞ ቦሌ እንደወረደ የማያስታውስ የለም።

በየመን በእግርና በጀልባ የገባችሁ፣ ከመጀመሪያውም ኢቃማ የሌላችሁ ልጆች ምርጫችሁ ጠባብ ነው። የእናንተ መንገድ በፓስፖርት ፋንታ ከቆንስላው የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ፣ ሊሴ ፓሴ ነው። አንዳንዴ መንግሥት የምሕረት ጊዜ ያውጃል፤ በ2009 ዓ.ም. የታወጀው ለመጀመሪያው ዙር 90 ቀን የሰጠ ሲሆን፣ በዚያ የወጡት ያለ ቅጣትና ያለ አሻራ እገዳ ነበር የወጡት። እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣ «ትንሽ ልሥራና» ብላችሁ አታሳልፉት።

በመካከል ያሉት ደግሞ ኢቃማ ኖሯቸው ከከፊሉ ቤት ወጥተው ሌላ ቦታ የሚሠሩ ናቸው። ከፊሉ «ሁሩብ» (ከሥራ ጠፍቷል) ብሎ ካስመዘገበ በተለመደው መንገድ በአብሸር መውጫ አይወጣም። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በስማችሁ ሁሩብ መኖር አለመኖሩን አጣሩ። ሳያጣሩ ኤርፖርት ሄዶ መመለስ ገንዘብም ልብም ይሰብራል።

በስም የቀረ ነገር

መኪና በስማችሁ ካለ መውጫው አይወጣም፤ መሸጥ ብቻ ሳይሆን ስሙን ማዛወር ያስፈልጋል። የትራፊክ ቅጣትም መከፈል አለበት። ባንኩን፣ በስልክ ያለውን የገንዘብ ቦርሳ፣ ወርኃዊ ክፍያ ያለውን ሲም ካርድና የኢንተርኔት ውል ዝጉ። ሲሙ ግን የመጨረሻ ይሁን፤ የባንኩም የአብሸሩም የይለፍ ቁጥር የሚመጣው በእሱ ስለሆነ ቀድማችሁ ከዘጋችሁት ራሳችሁን ውጭ ቆለፋችሁ ማለት ነው። ጥሬ ገንዘብ የምትይዙ ከሆነ ከተወሰነው መጠን በላይ ሲሆን ለጉምሩክ ይገለጻል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን በኪስ ይዞ ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ መምጣትን አልመክርም። በራሳችሁ ስም በተከፈተ ሒሳብ ላኩት። በወንድም ስም የተላከ ገንዘብ ያጣላቸውን ቤተሰቦች ክስ የምጽፈው እኔው ነኝ።

በሁለት ስም መኖር

ወደ ዓረብ አገር ሲወጡ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን የቀየሩ እኅቶች አሉ። በቀበሌው መዝገብ ላይ ያለችው ሌላ፣ በፓስፖርቱ ላይ ያለችው ሌላ። እዚያ እያሉ አያስቸግርም። እዚህ ሲመጡ ግን የገንዘብ መላኪያ ደረሰኙ፣ የሥራ ልምዱ፣ የልጅ የልደት ወረቀት ሁሉ በፓስፖርቱ ስም ነው፤ መሬቱ፣ የትምህርት ማስረጃው፣ የቤተሰብ መዝገቡ ደግሞ በቀድሞው። አሁን ፋይዳ በአሻራ ስለሚመዘግብ፣ ባንኮችም ፋይዳ እየጠየቁ ስለሆነ፣ በሁለት ስም መኖር አልተቻለም።

መፍትሔው ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በፍርድ ቤት ማረጋገጥ ነው። ለዚህም የድሮና የአዲስ ፓስፖርት ቅጂ፣ የኢቃማ ቅጂ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሚያውቁ ምስክሮች ይረዳሉ። የቀድሞውን ፓስፖርት «ጊዜው አልፏል» ብላችሁ አትጣሉት። ፋይዳ ስትመዘገቡም በየትኛው ስም እንደምትቀጥሉ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ልጆች

እዚያ የተወለደ ልጅ የጉዞ ሰነድ ከሌለው አውሮፕላን አይሳፈርም። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከሳዑዲ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም ከኢትዮጵያ ኤምባሲ አረጋግጣችሁ ውጡ። ሳይረጋገጥ የመጣ ወረቀት ደብረ ማርቆስ ላይ ለትምህርት ቤት ሲቀርብ ጥያቄ ያስነሳል፣ ለማረጋገጥም ተመልሶ ሪያድ መላክ አለበት። የክትባት ካርዱንና የትምህርት ውጤቱንም ያዙ። አባት በኢቃማው ያስገባቸው ቤተሰቦች መውጫ ከአባቱ ጋር አብሮ የሚታይ ስለሆነ፣ ከመካከላቸው አገር ቤት የቆየ ካለ አስቀድሞ ይስተካከል።

መውጫ የሚሸጥ ደላላ

የመጨረሻ መውጫ ከመንግሥት ዘንድ ክፍያ የለውም። «ኹሩጅ አስወጣልሻለሁ» ብሎ ሺዎች የሚጠይቅ ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም።

ሳዑዲ ላልሆናችሁ፦ በኩዌት የግል ድርጅት ሠራተኞች ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከመውጣታቸው በፊት በሳህል መተግበሪያ የመውጫ ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። በኳታር ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የቤት ሠራተኛ ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ግን ከ72 ሰዓት በፊት ለአሠሪዋ ማሳወቅ አለባት። በኤምሬትስ ቪዛው ከተሰረዘ በኋላ የተሰጠው ጊዜ ካለፈ በቀን 50 ድርሃም ይቆጠራል፤ በድርጅት ለሚሠራ የመጨረሻ ሒሳቡ በ14 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

ሰነዶቹን በካርጎ አትላኩ፤ ካርጎ ይዘገያል፣ ይጠፋልም። ዋናዎቹ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። የሁሉንም ፎቶ፣ መውጫውንና የተፈረመውን ሙኻለሳ ጨምራችሁ፣ በኢሜይላችሁ አስቀምጡ፤ ለአንድ የምታምኑት ሰውም ላኩ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በእኛ በኩል መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኔትወርኩ ሲጠፋ ሲመጣ መክረሙን ታውቃላችሁ። ከዚህ የምትፈልጉትን የቀበሌ ደብዳቤ ወይም የትምህርት ማስረጃ የምታስልኩት መውጫው ሳይወጣ፣ 60ው ቀን ሳይጀምር ይሁን።