ጸሎት ላይ ዝም ማለት ለሚያስቸግራችሁ

«አሜን» ብለን ወዲያው ስለምንነሳ ለመስማት ጊዜ አይተርፍም። ልመናውን አሳጥሩና መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ ለዝምታ ተዉ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ እጅ ይሄዳል።

ከዝምታው በፊት አጭር ክፍል፣ ለምሳሌ ማርቆስ 10፥46-52ን፣ ድምፅ አውጥታችሁ 2 ጊዜ አንብቡ። ኢየሱስ ዕውሩን በርጤሜዎስን «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» የሚለው ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ፤ እናንተ እንደተጠየቃችሁ መልሱ። የቤት ኪራዩ፣ የሽንኩርቱ ዋጋ ትዝ ማለቱ አይቀርም። ወረቀት ላይ ጫር አድርጋችሁ ወደ ጥቅሱ ተመለሱ፤ ጊዜውን የሚበላው ከሐሳቡ ጋር መታገሉ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ዕጣ ገልጦ ጣት ያረፈበትን «መልስ» ማለት ግን ይቅር። ትልቅ ውሳኔ የሚነካ ነገር ከመጣላችሁ አትቸኩሉ። ሳሙኤል እንኳ እግዚአብሔር ሲጠራው 3 ጊዜ ወደ ካህኑ ዔሊ ሄዶ ነው የጠራው ማን እንደሆነ የተነገረው (1ኛ ሳሙኤል 3)። የንስሐ አባታችሁን ወይም በእምነቱ የበሰለ ሰው አማክሩ።