ባለ ቀለበቱ «እባብ» ዓሣ መሆኑን እንዴት ትለያላችሁ?

እኔ ጋ ቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው የእስራኤል ከተማ ኢላት ለሚመጡ ዘመዶቼ የመዋኛ ማስክና ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) ከማቀበሌ በፊት የምነግራቸው ነገር አለ። አሸዋው ላይ ነጭና ጥቁር ቀለበት ያለው፣ አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቀጭን ፍጥረት ሲሳብ ብታዩ አትደንግጡ። ዓሣ ነው። መርዝም የለውም። በሳይንስ ስሙ ሚሪክቲስ ኮሉብሪነስ ይባላል፤ እባብ ከሚመስሉት ረጃጅም ዓሦች፣ ከእባብ ኢሎች ወገን ነው።

መጀመሪያ ጅራቱን እዩ። የባሕር እባብ ጅራት እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ነው። የዚህኛው ግን እየቀጠነ ሄዶ ሹልና ጠንካራ ሆኖ ያልቃል። በዚያ ጫፍ አሸዋውን እየበሳ ወደ ኋላ ይገባል። ጅራቱ ይቀድማል፣ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ይሰወራሉ፣ መጨረሻ ላይ አፍንጫውና ዓይኖቹ ብቻ ይቀራሉ። እኔ ይህን ለማየት ስል ብዙ ጊዜ ውሃው ላይ ተንሳፍፌ እቆያለሁ።

ቀጥሎ ጀርባውን። ከጭንቅላቱ የምትጀምር ክንፍ ጀርባውን ይዛ ትወርዳለች። ዝቅ ያለች ስለሆነች ከሩቅ ላትለዩዋት ትችላላችሁ፤ አላየኋትም ብላችሁ እንዳትጠጉ። ይልቅ ትንሽ ጠብቁ። የባሕር እባብ በሳንባ ስለሚተነፍስ አየር ሊወስድ ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ዓሣው ግን ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት ስንጥብ አለው፣ ታች ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል።

ሥራው ደግሞ ደስ ይላል። ቱቦ የመሰሉት የአፍንጫ ቀዳዳዎቹ ወደ ታች ያመለክታሉ። እያሸተተ ከጉድጓድ ጉድጓድ ጭንቅላቱን ይከታል፤ ትንንሽ ዓሣና ሸርጣን ይፈልጋል። ስለዚህ ኮራሉ ላይ ብቻ አትፍጠጡ። በኮራሎቹ መሃል ያለውን አሸዋና የባሕር ሣር ያለበትን ቦታ ፈልጉ። ሁለት ሦስት ሜትር ራቁ፣ እግራችሁ ላይ ባጠለቃችሁት የመዋኛ ክንፍ አሸዋ አታስነሱ።

መልኩ በምሥራቅ ሕንድ ውቅያኖስና በፓስፊክ ያለውን መርዘኛ ባለ ቀለበት የባሕር እባብ ይመስላል። ጠላቶቹ እባብ መስሏቸው ይተዉታል ተብሎ ይታመናል። የሚገርመው፣ ያ እባብ እዚህ ቀይ ባሕር ውስጥ የለም።

ዱባይ፣ አቡዳቢና ኩዌት ያላችሁ ግን ይህን ምክር ለመጠጋት እንዳትጠቀሙበት፤ አደራ። የእናንተ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ እውነተኛ የባሕር እባቦች አሉ። መርዛቸው ኃይለኛ ነው፤ ቀለበት ያላቸውም አሉ። መጀመሪያ ራቁ፣ ከዚያ ተመልከቱ።

የትም ብትሆኑ በእጅ አትንኩ። ከዳር ሆኖ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ካያችሁ ደግሞ «ተው፣ ዓሣ እኮ ነው» በሉልኝ። እባብም ቢሆን ካልነኩት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ፍለጋ አይመጣም።