ከአያት የወረደ በገና ዳግም እንዲደረደር

ለዓመታት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቆየን በገና አውርዶ ወዲያው መቃኛውን ማጥበቅ ትልቁ ስሕተት ነው። የ10 አውታር ጉተታ በደረቀ ቆዳ ላይ ድንገት ሲያርፍ ቆዳው ብርኩማው (አውታሮቹ ቆዳው ላይ የሚያርፉበት ድጋፍ) ሥር ይቀደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ አውታሮቹን ሁሉ ያላሉ።

ሁለቱ ቋሚዎች ከቀንበሩ (ከላይኛው አግዳሚ እንጨት) ጋር የተጋጠሙበትን ቦታ ነቅነቅ አድርገው ይመልከቱ፤ እዚያ ላይ ክፍተት ካለ የቱንም ያህል ቢቃኙት ቅኝቱ አይጸናም። የገበቴውን (የታችኛውን የድምፅ ሣጥን) ቆዳ በጣት ቆርቆር ያድርጉት። ከረገበ እርጥበት ገብቶታልና ነፋሻ ጥላ ውስጥ 2 ወይም 3 ቀን ያቆዩት። ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ማድረቅ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። የተቀደደ ከሆነ ማስቲሽ አይለጥፉበት፤ በገና ሠሪ በአዲስ የከብት ቆዳ ያልብሰው።

እንጨቱን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ። ብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ አያስነኩት። የአያት እጅ እያረፈበት የጠቆረውና የለሰለሰው ቦታ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፤ ቤተሰቡ የወረሰው እሱንም ጭምር ነው።

አሮጌ አውታር ሲፈታ እያንዳንዱን ለብቻው ጠቅልለው ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይጻፉበት። ውፍረታቸው ይለያያልና ለአዲሱ መለኪያ የሚሆነው ይህ ነው። አዲስ አውታር የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው፦ በደንብ ታጥቦ፣ ሞራውና ሥጋው በቢላዋ ጀርባ ተገፎ፣ ገና እርጥብ ሳለ ይከረርና በሁለት ችንካር መካከል ተወጥሮ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ለቋጠሮ አንድ ስንዝር ያህል ትርፍ ይተዉለት። ናይለንም ይሠራል፤ የአንጀቱን ጥልቅ ድምፅ ግን አይሰጥም።

ሲቃኙ በአንድ ቀን አይጨርሱት። ዛሬ ለዘብ አድርገው ይወጥሩ፣ ነገ ይጨምሩ፤ አዲስ አንጀት ለቀናት እየተለጠጠ ቅኝቱን ይጥላል። ለጀማሪ 10ሩም አያስፈልጉትም። በበገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ አደራደር የሚመቱት 1ኛ፣ 3ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ፣ 8ኛና 10ኛ ሲሆኑ የቀሩት ጣት ማሳረፊያ ናቸው።

በገናን በገና የሚያሰኘው እዝዝ የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከእንዚራው ነው፤ በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ ቆዳ። አውታሩ ከተቃኘ በኋላ በግራ እጅ ጣት እየመቱ እንዚራውን በጥቂት በጥቂቱ ወደፊት ወደኋላ ያንቀሳቅሱ። አውታሩ ብርኩማውን ለጥቂት ሲነካ ድምፁ ይነዝራል፤ ቆዳው ወፍሮ አውታሩን ብዙ ካነሳው ግን ዝም ይላል። ያን ጊዜ ቆዳውን ማሳሳት ነው። ቅኝት በተለወጠ ቁጥር ይህንኑ ደግመው ያስተካክሉ።

ለዐቢይ ጾም ከተደረደረ በኋላ እስከሚቀጥለው የሚቀመጥ ከሆነ አውታሮቹን በግማሽ ያላሉ። ክረምት ላይ ከወለልና ከግንብ ይራቅ። አውሮፓና አሜሪካ ለሚኖሩ ደግሞ ጠላቱ የቤት ማሞቂያ ነው፤ አየሩን አድርቆ ቆዳውን ከመጠን በላይ ይወጥረዋል። ከማሞቂያው በራቀ ክፍል፣ በጥጥ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ላስቲክ አያልብሱት፤ ውስጡ ላብ ይይዛል፣ ቆዳውም ይሻግታል።